የሼህ ሙሄ መዝጊያ ምርቃት

በዚህ አገር ጥያቄ የማይጠየቅበት ቦታ ቢኖር «የሕዝብ ጥያቄና መልስ መድረክ» የሚባለው ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ሚኒባስ ውስጥ እንጠይቃለን፣ ፀጉር ቤት እንጠይቃለን፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሟች በምን እንደሞተ አጣርተን ሳንጨርስ ከድንኳኑ አንወጣም። አዳራሽ ገብተን፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ባነር ተሰቅሎ «በሉ ጠይቁ» ስንባል ግን... ምስጋና ብቻ! ማይክ የሚሉት ነገር ምን ተቀብቶ እንደሚሠራ እንጃ፣ ገና ስንጨብጠው ሆዳችን ይባባል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም። ከአመስጋኞቹ አንዱ ማን እንደነበር ወደ ታች ስትወርዱ ስለምታገኙት ፍርዳችሁን ለዚያ አቆዩልኝ።

ነገሩ የተጀመረው ቦይ ውስጥ ነው።

የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በየማለዳው ካፖርት ለብሼ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ አገሩ ስለሚሞቅ ካፖርቱን አውልቄ እወርዳለሁ። ያን ቀን የደሴ ጉም ሰፈሩን ጠቅልሎት የገዛ ጫማዬ አይታየኝም። ደጃፌ ላይ የተቆፈረ ቦይ እንዳለ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የምዘለው ቦይ ነው። ከግቢዬ ወጣሁ፣ ልማዴን አመንኩና ዘለልኩ። ለካ ቀድሜ ዘልዬ ኖሯል! ማዶ ነው ብዬ ያረፍኩበት ቦታ የቦዩ ወለል ሆኖ አገኘሁት።

ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ።

«ማነው የገባው?»

«እኔ ነኝ!»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ! የሰው በግ መስሎኝ ደንግጬ።»

«እትዬ ዘይነባ፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ!»

«ሰው ከሆነማ ይወጣል፣ አብሽር! በግ ነው የሚቸግረው።»

ወጣሁ። ክርኔ ተልጧል፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፣ ተመልሼ ልቀይር ብል ሚኒባሱ ያመልጠኛል። እንዳለሁ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምነው፣ ምን ሆነው ነው?» ሲለኝ «የመሠረተ ልማት ጉብኝት ላይ ነበርኩ» ብዬው ገባሁ።

ስለ ቦዩ ላስረዳችሁ። ቦዩን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ማስተባበያ ይጽፋል፣ መጻፉን ትቶ ቦዩን ቢከድንልኝ ይሻለኛል) ሠራተኞች ላከና ሰፈራችንን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ግራና ቀኙ በድንጋይ ይገነባል፣ ከላይ በኮንክሪት ክዳን ይከደናል፣ ጎርፍ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፍበት ዘመናዊ ቦይ ይሆናል ተባልን። አጨበጨብን። ማጨብጨብ ላይ ማን ይችለናል! ቆፋሪዎቹ ቆፍረው ሄዱ። ገንቢዎቹን እስከዚያ ድረስ በዓይናችን አላየናቸውም ነበር፤ መኖራቸውን ግን እናምን ነበር።

እኔስ ብወድቅ የሚታጠበው ሱሪዬ ነው። እትዬ ዘይነባ ግን ሌላ ነው ነገራቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእኛ ቤት አጠገብ ባለችው ትንሿ ሱቃቸው ነው፤ ከእሷ በቀር ምንም የላቸውም። ቦዩ ደግሞ ያለፈው ከሱቋ ደፍ ሥር ነው። ሳንቃ አጋድመውበታል፤ ሳንቃው ሰው ሲረግጠው ስለሚንቀጠቀጥ ደፋር ደንበኛ ካልሆነ አይሻገርም። ስለዚህ ንግዱ በአየር ሆነ። ደንበኛው ማዶ ቆሞ «ሳሙና!» ይላል፣ እሳቸው ይወረውራሉ፣ ይቀለባል። ስኳር በፌስታል ታስሮ ይበራል። ከደሴ ቡድን በረኛ የሚፈልግ ካለ እኛ ሰፈር ይምጣ! እንቁላል ግን መሸጥ አቁመዋል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ያን ቀን የለበስኩትን ሸሚዝ ጥያለሁ።

የሚያስቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር የቦዩ አፈር ወደ ደፋቸው እየተናደ መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ አፈሩ የጎደለበትን ቦታ በእግራቸው ጣት ሲነካኩ አገኘኋቸው።

«ክረምቱ ከገባ ሱቁን ይዞት ይሄዳል» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ተከትየው የምሄድበት አገር የለኝም።»

«ኧረ ይከድኑታል» አልኩ። አባባሌን ለራሴም አላመንኩትም።

ታዲያ ዝም አላልንም፣ ሄደን ጠየቅን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ክዳኑ ከኮምቦልቻ ተነስቷል፤ እየመጣ ነው።» እናንተ! ከኮምቦልቻ ደሴ የት ነው? ሚኒባሱ ሐረጎን እያቃሰተም ቢሆን አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ ያደርሳችኋል። የእኛ ክዳን በእግሩ ይምጣ በጉልበቱ እንጃ! የዚህ መልስ መዘዝ ደግሞ ለእኔ ተረፈ። መንገዱ ላይ የምመላለሰው እኔ ነኛ! ከሚኒባስ ስወርድ ሰፈርተኛው ይጠብቀኛል።

«ክዳኑን አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ተኝተህ ይሆናላ! ነገ በመስኮት በኩል ተቀመጥ።»

በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ኮንክሪት የጫነ መኪና አየሁ። ስልኬን አውጥቼ ወደ ሰፈር ደወልኩ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እትዬ ዘይነባ ለሾፌሩ ብለው ለስላሳ ከፍተው ጠበቁ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በፊታችን አለፈና ወደ ኩታበር ሄደ። ለስላሳውን እኔ ጠጣሁት፤ ከፍዬ ነው ደግሞ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው «ሐሰተኛው ምስክር» ይለኝ ጀመር።

መድረኩ የተጠራው በዚህ መሀል ነው። ባነሩ «ግልጽነትና ተጠያቂነት ለከተማችን ዕድገት» ይላል። ደስ አይልም? ዋዜማውን ሱቋ ፊት ተሰበሰብንና ጠያቂ መረጥን። ምርጫው ፈጣን ነበር።

«አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ፣ አንተ ጠይቅ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ገብቶበትም ያውቃል፣ የመስክ ልምድ አለው» አለ አንዱ ጎረቤት።

ሼህ ሙሄም እዚያው ነበሩ። ሼህ ሙሄ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ደጃቸው ሄዶ ይመረቃል። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አጭር አርጋት። የማን ደጃፍ፣ የት፣ መቼ። ስም፣ ቦታ፣ ቀን። ሌላው ትርፍ ነው።»

«እሺ አባባ፣ ይህቺ ምን አላት?» አልኩ። በሆዴ «ለእኔ ነው ጥያቄ የሚያስተምሩኝ!» እያልኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሰፈራችን ቄስ መምሬ ታደሰ መክፈቻውን ባርከው ተቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሪፖርት አቀረቡ። ሪፖርቱ ውስጥ የሌለ ነገር አልነበረም፤ የእኛም ቦይ ነበረች። ሥራዋ በመቶኛ ተሰልቶ ተጠናቅቃለች ሊባል ምንም አልቀራት፣ ክዳኗ ብቻ «በሂደት ላይ» ነው። በዚያ ስሌት እኔ የወደቅኩት በቀረችው ሚጢጢ መቶኛ ውስጥ መሆኑ ነው። ዕድሌ!

ከዚያ መድረክ መሪው ተነሣ። ቀይ ከረቫት ያሠረ፣ ከሕዝቡ ይልቅ ሰዓቱን የሚያይ ወጣት ነው። ባለከረቫቱ እንበለው።

«ከሰዓት እጥረት አንፃር» አለ፣ «አንድ ከሴቶች፣ አንድ ከወጣቶች፣ አንድ ከአባቶች እንወስዳለን።»

ከሴቶች የተመረጡት ተነሥተው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» አሉና አመሰገኑ። ከወጣቶች የተመረጠው «እኔም ከቀደሙት ሐሳብ አልወጣም» አለና አመሰገነ። እኔ እጄን እንዳወጣሁ ነኝ። የባለከረቫቱ ዓይን ከፊቴ ይደርስና ዘሎኝ ይሄዳል፤ እኔም ቦይ ሳልመስለው አልቀረሁም። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ከኋላ ጮኹ።

«ኧረ ይኸን ሰው አንድ በሉት፣ እጁ ሊደርቅበት ነው!»

አዳራሹ ሳቀ። ባለከረቫቱ አፈረና «እሺ፣ በአባቶች ኮታ ይናገሩ» አለ። ፀጉሬ ሳይሸብት አባት ሆንኩላችሁ። ይሁን!

ተነሣሁ። ጥያቄዬ ምላሴ ላይ ናት። ግን ሰው ዘሎ ጥያቄ ውስጥ ይገባል? ነውር አይደለም? «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጀው አካል ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» አልኩ። ኃላፊው ፈገግ አሉልኝ። ፈገግ ያለላችሁን ሰው ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ? «ክቡር ኃላፊያችንም ከተጣበበ ጊዜያቸው ላይ ቀንሰው በመካከላችን በመገኘታቸው...» እሳቸውንም አመሰገንኩ። አጠገባቸው ያሉት ምክትላቸው ቅር እንዳይላቸው ምክትላቸውን አመሰገንኩ። መምሬን ስለ ቡራኬው አመሰገንኩ። ድምፅ ማጉያውን ያስተካከለውን ሰው አመሰገንኩ። ወላሂ አፌ የራሴ አልነበረም! (ወሎ ላይ ወላሂ ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም።) ሼህ ሙሄ ከጎኔ ኮቴን ጎተት አደረጉት። ነቃሁ።

«በመቀጠል» አልኩ አየር ስቤ፣ «በሰፈራችን ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ በተመለከተ...»

«ሰዓት!» አለ ባለከረቫቱ።

«አይ፣ ጥያቄዬን እኮ ገና...»

«በጣም ገንቢ አስተያየት ነው! ቦዩን በተመለከተ የሰጡንን ምስጋና ተቀብለናል። ጭብጨባ ይገባቸዋል!»

ተጨበጨበልኝ። ማይኩ ተወሰደ። እትዬ ዘይነባ ይሰድቡኛል ብዬ ዞር ስል አልተቆጡም፤ የሻሻቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ወለሉን ያያሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አደራቸውን በምስጋና በላሁባቸው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ቦይ ውስጥ ወድቄም አላፈርኩም።

ሼህ ሙሄ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ።

«አብሽር። ፕሮግራሙ አላለቀም።»

እውነትም አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ መዝጊያ ምርቃት። ባለከረቫቱ ሰዓቱን አየና «አባታችን ሼህ ሙሄ ባጭሩ መርቀው ያሰናብቱናል» አለ። ባጭሩ! የወሎን ምርቃት ባጭሩ ያለ ሰው የት አድጎ ነው? ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ መዳፍ ይዘረጋል፤ አሚን የሚለው አሚን፣ አሜን የሚለውም አሜን ይላል። መራቂው ዘግቶ ፊቱን በመዳፉ እስኪዳብስ ድረስ እጁን የሚያጥፍ፣ የሚነሣ፣ የሚያቋርጥ የለም። ምርቃት ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለይቶ የነገረን የለም፤ የምንፈራውም ስላልነገሩን ነው።

ሼህ ሙሄ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ። ከዘራውን ለመምሬ ታደሰ አስያዙና መዳፋቸውን ዘረጉ። አዳራሹ ዘረጋ። ኃላፊውም ዘረጉ። መምሬም ከዘራውን ጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ አገራችንን ሰላም አርግልን!»

«አሚን!»

«የኩታበርን አዝመራ ከውርጭ ጠብቅልን! የኮምቦልቻን ሠራተኛ እንጀራውን አስፋለት!»

«አሚን!»

ኃላፊው ደስ ብሏቸዋል፤ አሚናቸው ከሁላችን በላይ ይሰማል።

«ይኸን ልጃችንን፣ ኃላፊያችንን፣ ዕድሜና ጤና ስጥልን!»

«አሚን!»

«ጉልበቱን አጠንክርለት! በመኪና የሚያልፈውን መንገድ በእግሩ የሚሄድበት ጉልበት ስጠው!»

«አሚን!» አሉ ኃላፊው። ግማሹ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ።

«በእግሩ ሄዶ ቧንቧ ውሃ፣ የዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ላይ አቁምልን! ሳንቃዋን ይርገጣት!»

«አሚን!!»

አዳራሹ ነቃ። ሲያንቀላፋ የነበረው ሁሉ መዳፉን ከፍ አደረገ።

«ከኮምቦልቻ ተነሥቷል የተባልነው ክዳን፣ ጀሊሉ አንተ ታውቃለህ የት እንደቆመ! መንገዱን ክፈትለት! ያቆመውም ሰው ካለ ወንድማችን ነው፣ አንጀቱን አራራልን፣ ስሙንም ግለጥልን!»

«አሚ...ን!!»

የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ባለከረቫቱ «ሰዓት» ለማለት ፈልጓል፣ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን ሁለቱም መዳፉ ተዘርግቷል፣ በምን እጁ ሰዓቱን ይጠቁም? የተቀመጥኩት ከፊት ስለነበር ኃላፊው ወደ መምሬ ታደሰ ዘንበል ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

«መምሬ፣ እባክዎ አባታችን እንዲያሳጥሩልን ቢነግሩልኝ...»

«እኔ?» አሉ መምሬ፣ መዳፋቸውን ሳያጥፉ። «ምርቃት አቋርጬ ምን ሊመጣብኝ! ይልቅ አሜን ይበሉ።»

«ክረምቱ ሳይገባ፣ የዘይነባ ደፍ ሳይናድ፣ ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ይኸ ልጃችን በገዛ አፉ ይንገረን!»

«አሚን!»

ከዚያ ሼህ ሙሄ ዝም አሉ። መዳፋቸው እንደተዘረጋ፣ ዓይናቸው እንደተከደነ፣ ዝም! አልዘጉም፣ ፊታቸውንም አልዳበሱም። አዳራሹ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዓይን ወደ ኃላፊው ዞረ።

«አሚን» አሉ ኃላፊው፣ ብቻቸውን።

«አሚኑ ደግ ነው ልጄ» አሉ ሼህ ሙሄ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ቀኑን ነው የምንጠብቅ።»

«አባታችን፣ በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት በአጭር ጊዜ ውስጥ...»

«አትቸኩል ልጄ። እንጠብቃለን።»

መዳፍ ዘርግቶ መቆየት ቀላል ይመስላችኋል? እስቲ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሞክሩት! ትከሻዬ ነደደ። ምክትሉ አንዱን ክርናቸውን ሆዳቸው ላይ አስደግፈው ሌላውን የሚያስደግፉበት ፍለጋ ላይ ናቸው። የመምሬ ጉልበት መሀል ያለው ከዘራ መንሸራተት ጀምሯል። ከኋላ አንዲት እናት አላስቻላቸውም።

«ኧረ አንተ ልጅ ተናገርና እጃችንን አሳርፈን! አራስ ጥዬ ነው የመጣሁት!»

ኃላፊው ወደ ባለከረቫቱ አዩ፤ ባለከረቫቱ ወደ ጣሪያው አየ። የሚማከሩት ሰው የለ፣ ስልክ የሚያነሡበት እጅ የለ።

«ሰኞ» አሉ በመጨረሻ።

«የትኛው ሰኞ?»

«የሚመጣው! የሚመጣው ሰኞ!»

«በእግርህ?»

«...በእግሬ።»

«አሚን በሉ!» አሉ ሼህ ሙሄ፣ ፊታቸውንም ዳበሱ። ያን አሚን ፒያሳ ድረስ ያልሰማው ሰው ካለ ጆሮውን ይታይ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ የእኔ ፎቶ ወጣ። ማይክ ጨብጬ፣ ጥርሴ ሁሉ ታይቶ። ከሥሩ «ነዋሪዎች በቦዩ ግንባታ መደሰታቸውን ገለጹ» ይላል። ስለ ምርቃቱ አንድም ቃል የለም። ባለቤቴ አየችውና «የወደቅክበትን ስታመሰግን እንዴት ያምርብሃል!» አለችኝ። ለእናቷም ላከችላት።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው በእግራቸው መጡ! ባለከረቫቱ ከኋላቸው ጃንጥላ ይዞ ይከተላል። ሰፈሩ ወጥቶ አያቸው። ሳንቃዋን ረገጧት፤ ተንቀጠቀጠችባቸው፣ እጃቸውን እንደ ወፍ ዘረጉ፤ እትዬ ዘይነባ ከወዲያ ክንዳቸውን ይዘው ሳቧቸው።

«አብሽር፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲህ ነው» አሏቸው።

ከኋላቸው ክዳን የጫነ መኪና ደረሰ። ሾፌሩን «ሐረጎ እንዴት ነበረች?» አልኩት፣ ወዳጅነት ለመጀመር። «የምን ሐረጎ?» አለኝ። ለካ ክዳኑ የተጫነው እዚያው ደሴ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ካለው መጋዘን ነው! ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል፤ ማን ያውጣው የሚለውን ተነጋግሮ የጨረሰ ሰው አልነበረም። እኔ በየቀኑ መስኮት ላይ ተለጥፌ ኮምቦልቻን ስጠረጥራት ከርሜያለሁ። ኮምቦልቻዎች፣ አፉ በሉኝ!

በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንጋዩ ተገነባ፣ ክዳኑ ተጋደመ። እትዬ ዘይነባ ክዳኑ ላይ ወጡና በእግራቸው ደበደቡት፤ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሱቃቸው ገቡ፣ ትንሽ ቆይተው እንቁላል በሳፋ ይዘው ወጡና ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ይህን የምጽፈው ሳልዋሽ ነው።

እንባዬን ጠርጌ ስዞር ሠራተኞቹ አካፋቸውን እየጫኑ ነው።

«የት ነው? የእኔስ በር?» አልኩ ባለከረቫቱን።

«የእርስዎ አልተጠራም።»

«የት ነው ያልተጠራው?»

«ምርቃቱ ላይ። የተጠራው የወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ነው። ክቡር ኃላፊው አሚን ያሉት ለእሱ ነው።»

«አንድ ቦይ እኮ ነው! ከእሳቸው ደጃፍ እኔ በር አንድ ዝላይ ነው!»

«የእርስዎን ምስጋና ግን ተቀብለናል» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን አቤቱታ ሰሚ ሼህ ሙሄ ሆኑ። ከየመንደሩ ሰው ይመጣል። «አባባ፣ በሚቀጥለው ምርቃት የእኛን የመብራት ምሰሶ አስገቡልን» ይላል አንዱ። «የእኛን ውሃ እንዳይረሱ፣ ከመስጊዱ በታች ያለችዋን» ትላለች ሌላዋ። ሁሉም ስም፣ ቦታና ቀን አጥንቶ ነው የሚመጣው። እኔም ሳልጠየቅ ትምህርቴን ወስጃለሁ፤ ተራዬ እንዳያልፍ ብዬ ሼሁን ቤቴ ምሳ ጠራኋቸው። በልተው ጨርሰው፣ የእኔን በር በስሙ እንዲጠሩልኝ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት የግቢው በር ተንኳኳ። ባለከረቫቱ ነው። ሼህ ሙሄን ፍለጋ ነው የመጣው።

ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባታችን፣ ክቡር ኃላፊው አክብሮታቸውን ልከዋል። በሚቀጥለው መድረክም እርስዎ እንዲመርቁልን ይፈልጋሉ።»

«አላህ ያክብራቸው።»

«ብቻ ምርቃቱ ትንሽ... አጠቃላይ ቢሆን የሚል ሐሳብ አለ። የሰው ስም፣ ቦታና ቀን ባይጠቀስበት።»

ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው አሰቡ።

«ስም የለበትም?»

«የለበትም አባታችን።»

«ቦታም ቀንም የለበትም?»

«አዎ፣ እንዲያ ቢሆን።»

«ኧረ እሱንማ እናንተ ስትመርቁን ኖራችሁ የለ እንዴ ልጄ!»

ባለከረቫቱ ቀላ። ከረቫቱን ነካካ፣ ሰዓቱን አየ፣ «ሰዓት ደርሶብኛል» ብሎ ተነሣና ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ውጭ የደሴ ጉም እንደገና ወርዷል። «ቦዩን ተጠንቀቅ!» ልለው ስሮጥ... ዘሎ ነበር። እሱም ቀድሞ ነው የዘለለው!

ከጉሙ ማዶ፣ ከሱቁ፣ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ።

«ማነው የገባው?»

«ከመሥሪያ ቤቱ ነው!» አልኩ።

«ሰው ነው?»

«ሰው ነው!»

«እንግዲያ ይወጣል፣ አብሽር!»

ጎንበስ ብዬ እጄን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሳብኩት፤ ደረቱ ድረስ ወጣ። ቀይ ከረቫቱ ጭቃ ነክቷል። እዚያ ላይ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝና መሳቤን ገታ አደረግኩ። እጁን አልለቀቅኩም፣ ግን አልሳብኩም።

«ምነው ጋሼ? ያውጡኝ እንጂ!»

«አወጣሃለሁ። የእኔ በር የሚከደነው መቼ ነው?»

«በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት በአጭር ጊዜ...»

«አትቸኩል» አልኩት፣ ሁለቱንም እጁን እንደያዝኩ። «ሰዓት አለን።»